ክዳን መክፈት

በእኛ አገር የሰው ድስት ከፍቶ ማየት ነውር ነው። እንግዳ የቀረበለትን ይበላል እንጂ ምን እንደ ተሠራ አያጣራም፤ ቢርበው እንኳ ዓይኑን ወደ ጓዳ አይልክም። በዚህ ሥርዓት ያደገ ሰው ፊሊፒንስ ሄዶ ምሳ ልብላ ሲል እንግዲህ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ቋንቋው አይደለም፤ ምግቡም አይደለም። የገዛ እጁ ነው። ድስቶቹ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው፣ ክዳናቸውን እንደ ደፉ ይጠብቁታል። ከእርሱ የሚፈለገው አንድ በአንድ እየከፈተ ማየት፣ እንፋሎቱን ማሽተት፣ ያልፈለገውን መልሶ መክደን፣ የወደደውን በጣቱ ማመልከት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ክዳን ለመክፈት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። በእነዚያ ሁለት ቀናት ከፊቴ የተሰለፈው ሰው የጠቆመውን እየጠቆምሁ በላሁ።

ይህን መሰሉን ምግብ ቤት ፊሊፒናውያን «ካሪንደሪያ» ይሉታል። ሌላው ስሙ «ቱሮ-ቱሮ» ነው፤ «ቱሮ» በታጋሎግ ቋንቋ በጣት መጠቆም ማለት ስለሆነ «ጥቆማ-ጥቆማ» ብንለው ከስሙ አንርቅም። የምግብ ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት የለም። አስተናጋጅ መጥቶ «ምን ልታዘዝ?» አይልም። ማንበብ የማይችለው፣ ቋንቋ የማያውቀው፣ የወጡን ስም የረሳው ሁሉ ጣት እስካለው ድረስ ይበላል። እኔ እንደምገምተው ከትልልቆቹ ሆቴሎች ይልቅ ለባዕድ ሰው የሚቀለው ይህ ነው፤ በትልቁ ሆቴል ስሙን አንብበህ የማታውቀውን ታዛለህ፣ እዚህ ግን ስሙን ሳታውቅ ያየኸውን ትበላለህ።

የእኔዋ ካሪንደሪያ የነበረችው ሎስ ባኞስ ነው። ከተማይቱ ከማኒላ በስተ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በማኪሊንግ ተራራ ግርጌና በትልቁ የላጉና ሐይቅ ዳር ተቀምጣለች። ስሟ ስፓኒሽ ነው፤ «መታጠቢያዎቹ» ማለት ነው፤ ከምድር ከሚፈልቀው ሙቅ ውሃ የተነሣ የወጣላት። ፍል ውሃ ብንላት ቅር የሚላት አይመስለኝም። በዓለም የታወቀችው ግን በሩዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም መቀመጫው እዚያ ነው፤ እኔንም ከፎገራ ሜዳ አንሥቶ እዚያ ያደረሰኝ የሩዝ ሥልጠና ነበር። ጠዋት ስለ ሩዝ እንማራለን፣ በምሳ ሰዓት የተማርነውን እንበላዋለን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተመልሰን ስለ እርሱው እንማራለን።

ሩዝ በዚያ አገር አንድ ስም አይበቃውም። በማሳ ላይ ያለው «ፓላይ» ነው፤ ተፈልፍሎ በጆንያ ያለው «ቢጋስ» ነው፤ የበሰለው «ካኒን» ነው። ጤፍና እንጀራን በአንድ ስም የሚጠራ አበሻ እንደሌለ ሁሉ ቢጋስን ካኒን የሚል ፊሊፒናዊም የለም። ከካኒን ጋር የሚበላው ማናቸውም ነገር፣ ሥጋ ይሁን ዓሣ፣ ቅጠል ይሁን እንቁላል፣ «ኡላም» ይባላል። መዝገበ ቃላት ሲያጣኝ እኔ በልቤ «ወጥ» ብዬ ተረጎምሁትና ነገሩ ሁሉ ቀለለኝ። ወጥ ብቻውን ምግብ እንዳልሆነ ሁሉ ኡላምም ብቻውን ምግብ አይደለም፤ ሩዙ ላይ የሚወርድ፣ ሩዙን የሚያስበላ ነገር ነው።

ቤቲቱን በጥቂቱ ላሳያችሁ። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ሲወርድበት ተጯጩኸው ካልሆነ አይነጋገሩም። ከድስቶቹ በላይ ትንሽ ሞተር እየዞረ ጫፉ ላይ በታሰረው የፕላስቲክ ሪባን ዝንቡን ያባርራል። በግድግዳው ላይ የሕፃኑ ኢየሱስ ሥዕል፣ ከሥዕሉ ጎን ቀትር ላይ ሰው ሁሉ የሚስቅበት ቴሌቪዥን አለ። በሩ ላይ «ሉቶንግ ባሃይ» የሚል ተጽፏል፤ በቤት የበሰለ ማለት ነው። ደንበኞቹ የጂፕኒ ሾፌሮች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የቀን ሠራተኞችና ለሁለት ወር የመጣን ሠልጣኞች ነን። አንድ መቶ ፔሶ ሳይሞላ ሩዝና ወጥ ይገኛል፤ የሾርባው መረቅ በነጻ ይጨመራል።

ውጭ መብላት በእኛ ዘንድ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው የደስታ ነው፤ ደመወዝ ሲወጣ ቤተሰብ ይዞ ክትፎ ቤት መሄድ። ሁለተኛው የብቸኝነት ነው፤ «ሆቴል ነው የሚበላው» የተባለለት ሰው ትዳር ያልያዘው፣ እናቱ የራቀችበት፣ ቤት ያልሠመረለት ሰው ነው። ካሪንደሪያ የዚህ የሁለተኛው ሰው ገበታ ነው፤ በሩ ላይ የተጻፈውም ለእርሱ የተጻፈ ነው። ታዲያ ብቸኛው ሰው ገብቶ ሲቀመጥ ብቻውን አይተዉትም። ቀድሞ መብላት የጀመረ ማንም ይሁን ማን ቀና ብሎ «ካይን ታዮ» ይለዋል።

እንብላ ማለት ነው። ቃል በቃል፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ፣ የእኛው «እንብላ»። ጎረቤት በር ላይ ብቅ ሲል ጉርሻውን በአየር ላይ አቁመን የምንለው፣ መንገድ ዳር ምሳውን የፈታ የቀን ሠራተኛ ላለፈ ለገደመው ሁሉ የሚለው ቃል፣ በዚያ ዝናብ በሚደበድበው ቆርቆሮ ሥር ስሙን ከማላውቀው ሾፌር አፍ ሲወጣ ሰማሁት። መልሱም ያው ነው፤ አመስግኖ «ጠግቤአለሁ» ማለት። እዚያም እንደ እኛ ጠያቂውም ተጠያቂውም ነገሩ ሥርዓት መሆኑን ያውቃሉ፤ ሳህኑን አንሥቶ የሚጠጋ እምብዛም የለም። ሆኖም ሳይባል ከቀረ የተባለው ሁሉ ይጎድላል። አንድ ልዩነት ብቻ አገኘሁ። እነርሱ አንድ ጊዜ ይላሉ፤ ጠግቤአለሁ ከተባሉ ይተዋሉ። እኛ እንቀጥላለን፤ «በሞቴ» እንላለን፣ «አፈር ስሆን» እንላለን፣ የሰውየውን መጥገብ እንደ ስድብ እንቆጥረዋለን። ለ«በሞቴ» የሚሆን ቃል በታጋሎግ ፈልጌ ጠይቄ አላገኘሁም።

የቤቲቱን ባለቤት ሁሉም «ናናይ» ይሏቸዋል፤ እናት ማለት ነው። በዚያ አገር የምግብ ቤት ሠራተኛ በስሙ አይጠራም፤ ወንዱ «ኩያ» ነው፣ ሴቷ «አቴ» ናት፤ ታላቅ ወንድምና ታላቅ እህት። እኛ ጋሼና እትዬ ብለን እንደምናልፈው። ለታላቅ ሰው ሲናገሩ ደግሞ በየአረፍተ ነገሩ «ፖ» የምትባል ቃል ጣል ያደርጋሉ፤ ብቻዋን ትርጉም የላትም፤ አክብሮት ናት። የእኛ «እርስዎ» የምትሠራውን ሥራ በአንዲት ፊደል ትሠራዋለች። ናናይ ስልሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ አጭር፣ ፀጉራቸውን በመርፌ ቁልፍ የያዙ ሴት ናቸው። እኔን «አናክ» አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው፤ ክዳን መክፈት ሲያቅተኝ ያዩ ጊዜ።

ችግሩ ከክዳኑ ሥር የነበረው ነው። የፊሊፒንስ ድስት አሳማ ይወዳል። አዶቦው በሆምጣጤና በነጭ ሽንኩርት የተቀቀለ አሳማ ነው፤ ዶሮም ይሆናል ግን የዶሮው ቶሎ ያልቃል። ጥቁሩ ወጥ፣ ዲኑጉዋን የሚሉት፣ በአሳማ ደም የሚሠራ ነው። ይህስ ይሁን፤ ቅጠል አገኘሁ ብዬ ደስ ሲለኝ ከጎመኑ ውስጥ ጣት የማታህል የአሳማ ቁራጭ ብቅ ትላለች። ያችን ቁራጭ «ሳሆግ» ይሏታል፤ ለማጣፈጫ የገባች እንጂ ሥጋ አትባልም። ባለድስቱ «ይህ አትክልት ነው» ሲሉህ አይዋሹም፤ ሳሆግ በቁጥር አይገባም። ከአሳማ ያመለጠው ጎመን ደግሞ በባጎኦንግ፣ ማለትም በተብላላ የሽሪምፕ ድልህ ተጣፍጦ ይጠብቃል፤ በሕገ ኦሪት ቅርፊትና ክንፍ የሌለው የባሕር ፍጥረት እርም መሆኑን ያነበበ ሰው ወዴት ይሂድ?

በሦስተኛው ቀን «ዋላንግ ባቦይ?» ስል ጠየቅሁ፤ አሳማ የሌለው ማለት ነው፤ ከሥልጠና ጓደኛዬ የተማርኋት የመጀመሪያዋ አረፍተ ነገር ናት። ናናይ «ሙስሊም ነህ?» አሉ። አይደለሁም፣ ክርስቲያን ነኝ አልኋቸው። በካቶሊክ አገር ይህ መልስ ጥያቄውን ያወሳስበዋል እንጂ አይመልሰውም። ከየት እንደ መጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ጭልፋውን ድስቱ ጠርዝ ላይ አሳረፉና በጣታቸው እየቆጠሩ «ሚዬርኩሌስ፣ ቢዬርኔስ» አሉ። ረቡዕ፣ ዓርብ። ከዚህ የበለጠ አልተናገሩም፤ ሰልፉ ረጅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከጠረጴዛው ዳር አንዲት ትንሽ ድስት ተጨመረች፤ ማንም ሳይከፍታት እስክመጣ ትቆየኛለች።

በዚያች ድስት ውስጥ የሚገኘው ሲኒጋንግ ነበር። ሲኒጋንግ የሚያኮመጥጥ ሾርባ ነው፤ ኮምጣጣነቱ ከሆምጣጤ ሳይሆን ከፍሬ የሚመጣ። አብዛኛውን ጊዜ ያልበሰለ ሳምፓሎክ ይቀቀላል፣ ይፈጫል፣ ይጠለላል። ሳምፓሎክ በእኛ ቆላ ሁመር ወይም ሮቃ የሚባለው ዛፍ ፍሬ ነው፤ በድሬዳዋ ገበያ ያየው ያውቀዋል። ሳምፓሎክ ከሌለ በዘይቱን ፍሬ ይሠራል፣ በጥሬ ማንጎ ይሠራል፣ እንደየአገሩ በሌላ ፍሬም ይሠራል። ውስጡ የሚገባውም እንዲሁ ነው፤ አሳማ ቢሉ አሳማ፣ በሬ ቢሉ በሬ፣ ዓሣ ቢሉ ዓሣ። ዶሪን ፈርናንዴዝ (1934–2002) የምትባል ፊሊፒናዊት ጸሐፊ ስለዚህ ሾርባ «ለምን ሲኒጋንግ?» የሚል መጣጥፍ ጽፋለች። እ.ኤ.አ. በ1988 ከኤዲልቤርቶ አሌግሬ ጋር ባሳተመችው «ሳራፕ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ዓለም የሚያውቀው አዶቦን ቢሆንም የአገሩን ምላስ ይበልጥ የሚወክለው ሲኒጋንግ ነው ባይ ናት፤ ከሀብታሙም ከድሀውም ቤት የሚገባ፣ የተገኘውን ሁሉ የሚቀበል ስለሆነ። የአዶቦ ስም ራሱ የባዕድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1613 ከሎስ ባኞስ ብዙ በማትርቀው በፒላ የታተመው የታጋሎግ መዝገበ ቃላት ስፔናዊው መነኩሴ የአገሬውን አሠራር አይቶ «የአገሬዎቹ አዶቦ» ሲል መዝግቦታል፤ ምግቡ የነበረ ነው፣ ስሙን ነው መርከብ ያመጣው። እኔ በበኩሌ በዚህ ክርክር ከፈርናንዴዝ ጋር ነኝ። በአሳማው ምክንያት ብቻ አይደለም። የተገኘውን የሚቀበል ድስት ያልተለመደውንም እንግዳ ይቀበላል።

ናናይ ለእኔ የሚያስገቡት ዓሣ ቲላፒያ ነበር፤ ይኸውም ቆሮሶ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። የናይል ቲላፒያ የእኛው የጣናና የዝዋይ፣ የሐዋሳም ዓሣ ነው፤ ወደ ፊሊፒንስ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል ዘር ተሰብስቦ እዚያው ፊሊፒንስ ውስጥ ፈጥኖ የሚያድግ ዝርያ የማውጣት ሥራ ተጀመረ። ዛሬ የድሀ ዓሣ ነው፤ ከየካሪንደሪያው አይጠፋም። እኔ ሩዝ ልማር እዚያ ስሄድ ቆሮሶው ቀድሞኝ ሄዶ ተላምዷል፤ በሁመር ተቀቅሎ ሩዝ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ እንደ አገር ልጅ አየሁት። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ አባቶች ይፍረዱት፤ እኔ በዚያ ዝናብ በልቼዋለሁ።

ለሾርባው ማባያ ይቀርባል፤ የዓሣ መረቅ፣ ቃሪያ፣ ካላማንሲ የምትባል የጣት ጫፍ የምታህል ሎሚ። በላተኛው እንደ ልቡ ይቀላቅላል። «ሳውሳዋን» ይሉታል። በሌላ አገር ወጥ ሠሪዋ ያጣፈጠችውን ጨው መጨመር ነቀፌታ ነው፤ እዚያ ግን የመጨረሻው እጅ የበላተኛው ነው፣ ወጥ ሠሪዋም አይከፋትም። ይህንንም ፈርናንዴዝ አጥብቃ ጽፋበታለች። እኔ ግን ናናይ ራሳቸው አጠገቤ ቆመው ካላማንሲውን እስኪጨምቁልኝ እጠብቅ ነበር።

ረቡዕና ዓርብን ከየት እንዳወቁ የነገሩኝ በአምስተኛው ሳምንት ነው። ዝናቡ መንገዱን ዘግቶት ሰው አልመጣም። ከፊቴ ተቀመጡ። ሩዙን በማንኪያና በሹካ ስገፋ አይተው «በእጅህ ብላ» አሉኝ። እነርሱ ማንኪያ በቀኝ፣ ሹካ በግራ ይዘው ነው የሚበሉት፤ የእጅ መብላት ግን አልጠፋም፤ ከ«ካማይ»፣ ከእጅ፣ «ካማያን» ይባላል። በጣቶቻቸው ጫፍ ሩዙን ሰብስበው፣ ጨብጠው፣ በአውራ ጣት ወደ አፍ ይገፋሉ። እኛ እንጠቀልላለን፤ እነርሱ ይገፋሉ። ሞከርሁ፤ ሩዙ ተበተነ። ሳቁ። «እሷም እንዲህ ትበትን ነበር» አሉ።

ጅዳ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርተዋል። ካሪንደሪያይቱ የቆመችው በዚያ ገንዘብ ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት በዚያው ቤት አንዲት ኢትዮጵያዊት ነበረች፤ ሃያ ዓመት አይሞላትም ነበር ይላሉ። የጋራ ቋንቋቸው የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው፤ አምጪ፣ ውሰጂ፣ ጨው፣ ውሃ። የቤቱ ሰዎች ከተኙ በኋላ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጠው ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ናናይ ሁመሩን ከጅዳ ገበያ እያስገዙ ሲኒጋንግ ይሠራሉ። ልጅቱ መጀመሪያ ፊቷን አጨማደደች፣ ከዚያ በኋላ መረቁን ከሳህኑ ትጠጣው ጀመር። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አልነካም ስትላቸው በዓሣ ሠሩላት። ለእኔ የተጨመረችው ትንሽ ድስት እንግዲህ ለእኔ የተጀመረች አይደለችም።

ልጅቱ ደግሞ ታጎርሳቸዋለች። ናናይ ይህን ሲናገሩ እጃቸውን ወደ አፌ አስጠግተው አሳዩኝ። «አዋቂ ሰው ነኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ ለምን ታጎርሰኛለች? እምቢ እላለሁ። እሷ ግን አትተውም። አንድ ቃል አላት፤ እሱን ትላለች፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ትርጉሙን በዐረብኛ ልትነግረኝ ሞክራ አቃታት።» ቃሉን አልረሱትም። ጭልፋውን አስቀምጠው፣ እንደ ተማሪ ተጠንቅቀው አሉት።

«ቤሞቴ።»

ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ ያንን ቃል በታጋሎግ ሳምንታት ሙሉ ስፈልገው ከርሜአለሁ፤ እርሳቸው ደግሞ በአማርኛ ዓመታት ይዘውት ኖረዋል። ነገርኋቸው። እምቢ ካልሽኝ ልሙት እንደ ማለት ነው አልሁ፤ በገዛ ሞቷ እየማለች ነበር የምትለምንዎት። «ለአንድ ጉርሻ?» አሉ። ለአንድ ጉርሻ፣ አልሁ። ዝም አሉ። የዝንብ ማባረሪያው ሪባን ይዞራል። ቆይተው «ብዙ ጊዜ እምቢ ብያታለሁ» አሉ።

እርሳቸው ኮንትራታቸውን ጨርሰው አገራቸው የገቡት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ልጅቱ እዚያው ቀረች። በዓመቱ፣ በ2013 ኅዳር፣ የሳዑዲ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማስወጣት ሲጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው መመለሳቸውን ናናይ በቴሌቪዥን አይተዋል፤ ፊት እየፈለጉ። ስልኳ ከዚያ ወዲህ አይሠራም።

ስሟን በአንድ የደረሰኝ ወረቀት ጀርባ ጻፉልኝ። በላቲን ፊደል፣ እንደሰሙት፤ የአባት ስም የለውም። የትውልድ ቦታዋ «ተራራ ያለበት» ነው። ስሙ በየሰፈሩ ሁለትና ሦስት የማይጠፋ ስም ነው። ስመለስ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅሁ፤ በዚያ ስም ከጅዳ የተመለሱ ሦስት ሴቶች ተነገሩኝ። ሁለቱን አግኝቼ በሁመር ሾርባ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ታውቂያለሽ ወይ ብያቸዋለሁ፤ አንዷ ሳቀችብኝ፣ አንዷ ቡና አፍልታ አስጠጣችኝ። ሦስተኛዋን ገና አላየኋትም። ተመልሳ ወጥታለች፤ ቤይሩት ናት ይላሉ።